ስምንት ሰው ይበቃል

ደሴ ላይ ሰው ይተዋወቃል። ከፒያሳ ተነስቶ ሸዋበር እስኪደርሱ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚል አይጠፋም። ፀጉሯን ተቆርጣ ሱሪና ሰፋ ያለ ጃኬት ለምታዘወትር ልጅ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል። ወንዳወንድ ይሏታል፤ በልጅነቷ እየሳቁ፣ ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ ፊት እያጠቆሩ። ይህ ጽሑፍ ለእሷ፣ ሴት ነሽ ተብሎ አድጎ ወንድ ሆኖ ለሚኖረው ትራንስ ወንድ፣ በሁለቱ መሃል ላለውም ጭምር ነው። ባጭሩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ተሰባስበው ሊደጋገፉ ላሰቡ ወንዳወንድ ዜጎች። ማን የት ቤት እንደሚሰበሰብ ሊለቅም የመጣ ካለ እዚህ የሚያገኘው ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ስብስብ እኛ አገር በመግለጫና በመፈክር አይቆምም። የሚቆመው በእቁብ፣ በሚታመኑ ሁለት ስልክ ቁጥሮችና «ቡናውን ማን ያፈላል?» በሚለው ጥያቄ ላይ በሚደረግ ስምምነት ነው። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ፤ የማያውቅ ሰው ወይ ያለልክ ይፈራል ወይ ያለልክ ይዘናጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚደረግን ግንኙነት በቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ እንደ ሁኔታው ከባድነት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። አጭር ፀጉር፣ ሱሪ፣ ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት ወንጀል ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ ሰፈሩም ፖሊሱም ከወረቀቱ ቀድመው ይሄዳሉ፤ በነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ላይ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች በዚሁ ሰበብ ፍተሻ ሲታወጅ ሁሉም አይቶታል። ስለዚህ ስብስቡ ውስጥ የፍቅር ጓደኛ ማፈላለግ፣ መሳሳምና መተኛት የለም። ይህ የሥነ ምግባር ስብከት አይደለም። ቤቱ በማንኛውም ሰዓት ቢንኳኳ የሚገኘው ነገር ጀበና፣ ቆሎና የእቁብ ደብተር ብቻ እንዲሆን ነው።

ማህበር ብሎ ለመመዝገብ መሞከር ከንቱ ነው፤ የስም ዝርዝር በገዛ እጅ ማስረከብ ይሆናል። እቁብና እድር ግን እንደ ባህላዊ ተቋም ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ውጭ ናቸው። ስምንት ሰው በየወሩ ገንዘብ እየሰበሰበ እጣ ቢያወጣ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ወሎ ውስጥ እቁብ የሌለው ሰው ነው የሚያስገርመው። የእቁቡ ነገር ደግሞ ሽፋን ብቻ መሆን የለበትም። እውነተኛ እቁብ ይሁን፣ እውነተኛ ብር ይሰብሰብ፤ ለጎረቤት የሚነገረው ነገር እውነት ሲሆን ቃል አይዛነፍም።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ስምንት ሰው፣ በወር በነፍስ ወከፍ 500 ብር። 400ው እቁብ ነው፤ ባለ እጣው 3,200 ብር ይወስዳል፣ በስምንት ወር ሁሉም ይደርሰዋል። ቀሪው 100 ብር ተጠባባቂ ነው፤ በወር 800፣ በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። ተጠባባቂው ለአራት ነገር ብቻ ይወጣል፦ በድንገት ከቤት ለተባረረ የአንድ ወር ኪራይ፣ ለሕክምና፣ ከከተማ በፍጥነት መውጣት ላለበት የመኪና፣ ለታሰረ ጠበቃና ስንቅ። ለልደትና ለለቅሶ ሌላ ይዋጣ። ማን ያዛል ለሚለው ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሦስተኛው እስኪገኝ ከተጠበቀ እርዳታው ያልፍበታል። በሌሊት የተባረረ ሰው ዘንድ ገንዘቡ በዚያው ሌሊት መድረስ አለበት።

ብሩን የት ማስቀመጥ? በቴሌብር ስትልኩ የተቀባዩ ስም ይወጣል፣ መዝገቡም ይቀራል፤ ለእቁቡ ይህ ችግር የለውም፣ ምክንያቱ ላይ «እቁብ» ብሎ መጻፍ ነው። ተጠባባቂውን ግን ግማሹን በጥሬ ብር ያዙት። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ደሴን ያየ ሰው ባንኩም ኔትወርኩም ባንድ ቀን እንደሚጠፉ ያውቃል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የተለመደ የእቁብ ነገር ነው፤ ስም፣ ወር፣ የተከፈለ። በምስጢር ምልክት የሚጻፍ ደብተር ጅልነት ይመስለኛል፤ ሲገኝ መልስ የሌለው ጥያቄ ያመጣል። በዚያው ልክ ሰው ለራሱ የመረጠው መጠሪያ ስም፣ ማን ትራንስ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንዳለ የሚል አንድ ቃል እንኳ አይጻፍበት።

እቁብ የሚበላሸው ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈል ሲያቆም ነው። በተራው ሰፈር ዋስ ይጠራል፤ እዚህ ዋስ ጠርቶ መጨቃጨቅ አይቻልም፣ ተከፋ የተባለ ሰው ሁሉንም ማጋለጥ ይችላልና። ስለዚህ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዙር እጣው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ወሮች አንዱ ይሁን፣ ይህም ሲገባ ይነገረው። ሥራ ያጣ ሰው መዋጮው በግማሽ ይቆረጥለት እንጂ አይባረር። አኩርፎ የወጣ ሰው የከፈለው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ይመለስለት፤ 1,200 ብር ለመያዝ ብሎ ጠላት ማፍራት ሞኝነት ነው።

አዲስ ሰው ማስገባት ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ ተዋውቆ ቤት ድረስ መጥራት የብዙ ሰው መጥፊያ ሆኗል፤ ወጥመዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ደግ ሰው ይመስላል፣ ፎቶ ይለምናል፣ ክፍል ይጠራል፣ በሩ ሲዘጋ ሌሎች ይወጣሉ፣ ስልክና ብር ይወሰዳል፣ በቪዲዮ ያስፈራራሉ። ስለዚህ ከኢንተርኔት በቀጥታ ማንም አይገባም። አንድ አባል ቢያንስ ስድስት ወር በአካል የሚያውቀውን ሰው ያቀርባል፤ ሰውየው ስለ ስብስቡ ገና አልሰማም። ከዚያ ሌላ አባል በሰው በተሞላ ካፌ፣ በቀን፣ እንደ ጓደኛ ጓደኛ ይተዋወቀዋል። ወሬው ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ነው። የምትመለከቱት አንድ ነገር ነው፦ ስለ ሌላ ሰው ምስጢር ያወራል? «እንትና እኮ እንትን ነች» ብሎ የማያውቀውን ሰው ፊት ያወራ፣ ነገ የእናንተን ያወራል። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነገር ግን አይሆንም። ካፌው ውስጥ ሁለቴ ከተገናኙ በኋላ ስምንቱም ካልተስማሙ አይገባም፤ አንድ ሰው «ልቤ አልወደደውም» ካለ ምክንያት አይጠየቅ።

ስምንት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ከአምስት ካነሰ እቁቡ አይረባም፣ አንዱ ሲታመም ስብስቡ ይሞታል። ከአስር ሲያልፍ ጎረቤት ጫማ መቁጠር ይጀምራል፣ ወሬ ለመጠበቅም ይከብዳል። አስራ ሁለት ከደረሳችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው ብቻ ይኑር፣ ሌላው የሌላኛውን አባላት አይወቅ።

ቦታው ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ አብዛኛው ተከራይ ከአከራዩ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖረው፤ እትዬ አከራይ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ገቢና ወጪውን ይቆጥራሉ። መፍትሔው መደበቅ አይደለም፤ እቁብ መሆኑን አስቀድሞ መንገር፣ ከአቦሉ አንድ ስኒ ለእሳቸው መውሰድ ነው። ስኒ የደረሳቸው ሰው በሩ ላይ ጆሮ አይጥሉም፤ ቢጥሉም እቁብ ነው የሚሰሙት። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በጨርቃ ጨርቁ የሚሠሩ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ለሦስትና ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አራት ሴት አንድ ቤት ቢኖር ማንም ለምን አይልም። ለዚህ ነው ቤት አጥቶ ለሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ የሚሻለው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመሽ ግን መኪና ይጠፋል፣ ስለዚህ ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት አይለፍ። የሚመሽበት ካለ ማን ዘንድ እንደሚያድር ከቤቱ ሳይወጣ ይታወቅ።

ቀኑን ስትመርጡ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ሰኞ ገበያ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። የወሎ ስብስብ እስላምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነውና ሥጋ አይቅረብ፤ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ድግሱን ያበላሻል። ዳቦ፣ ቆሎና ቡና፤ በረመዳን ከሆነ ስብሰባው ለአፍጥር ይጠጋ፤ የዚያን ቀን የሚያድሩት አስቀድመው ይቆጠሩ።

አሁን ወደ ቡናው። አሜሪካ ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ላይ የተመሠረተው ብራውን ቦይ ፕሮጀክት ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ወንዳወንዶችን፣ ትራንስ ወንዶችንና መሰሎቻቸውን ሲሰበስብ የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ወንድነት ሴትን ሳይረግጥ እንዴት ይኖራል? እዚያ የሚከፋፍለው የቆዳ ቀለም ነው፤ ነጮቹ በያዙት መድረክ እነሱ ጥግ ላይ ስለሚቀሩ የራሳቸውን ቤት ሠሩ። እኛ ዘንድ የሚከፋፍለው ሌላ ነው፤ የከተማ ልጅና የገጠር ልጅ፣ የተማረና በቀን ሥራ የሚያድር፣ የሃይማኖትም ነገር አለ። የወንድነቱ ጥያቄ ግን ቃል በቃል እኛም ጋ አለ። ስብስቡ ውስጥ ቀሚስ የምትለብስ ልጅ ካለች፣ ወይም የአንዱ ጓደኛ አብራ ከመጣች፣ ማንም ሳያዛት ምንጣፉን ጠርጋ፣ ቡናውን ቆልታ፣ ስኒውን አጥባ ታገኟታላችሁ። ወንዳወንዶቹ እግር ዘርግተው ስለ ኳስ ያወራሉ። ከቤታቸው የሸሹትን ነገር ራሳቸው ሲሠሩት አይታያቸውም።

ስለዚህ ተራ ይውጣ፤ እጣው ሲወጣ ባለ እጣው የቀጣዩ ወር ቡና አፍይ ነው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ። ያልቻለ ይማራል። ቆሎ የሚያመጣው ሌላ፣ ስኒ የሚያጥበው ሌላ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ አላፈላም» የሚል ትራንስ ወንድ ያጋጥማል፤ በስድብ አትመልሱለት፣ ብዙ ዓመት በግድ ሲያፈላ የኖረ ሰው ነውና ጀበናው የሚያስታውሰው ሌላ ነገር አለ። ወጥ ያመጣ፣ ውሃ ይቅዳ፣ ግቢ ይጥረግ። ነፃ የሚሆነው ግን ከቡናው እንጂ ከሥራው አይደለም። ስለ ሴት ልጅ በቀልድ የሚወረወር ብልግና፣ ጓደኛን በጥፊ ማለት፣ «ሚስቴን እኔ አውቃለሁ» ማለትም እዚሁ ይዳኛል። ቡጢ ያነሳ ሰው ሦስት ወር አይመጣም፤ እቁቡ ይከፈለዋል፣ ተመቺዋ ግን ከስብስቡ አትለይ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ የተመታችው ትቀራለች፣ የመታው ቀድሞ የገባ ስለሆነ ይቀመጣል።

አጠራር ላይ አማርኛ አያስመልጥም፤ ግሱ ራሱ ወንድና ሴት ነው። ክፍል ውስጥ ሁሉም በመረጠው ይጠራ። ውጭ፣ ቤተሰብ ፊትና ታክሲ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ራሱ በወሰነው፤ «ውጭ አንቺ በሉኝ» ያለ ሰው ፈሪ አይባል።

ስልክ ላይ ጊዜ ስጡ። ቴሌግራም ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ የሚለውን «ማንም አይየው» (Nobody) አድርጉ፣ ወደ ግሩፕ የሚያስገባችሁን ሰው በምታውቋቸው ወስኑ፣ የስልክ አድራሻ ማመሳሰያውን ዝጉ። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ለስብስቡ ጉዳይ ሲግናል የተባለው መተግበሪያ ይሻላል፣ መልእክቱ በአንድ ቀን የሚጠፋ ተደርጎ። የግሩፑ ስም «የቅዳሜ እቁብ» ይሁን። የቡድን ፎቶ ጨርሶ አይነሳ። ሰው የሚረሳው ትልቁ ቀዳዳ ስልክ ሠሪው ነው፦ ስክሪን ሊያስቀይሩ ስልኩን ከነይለፍ ቃሉ ሰጥተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። አጠገቡ ቁሙ፣ ወይም ሁሉን አጥፍታችሁ ስጡ። ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ በመተግበሪያ ብቻ የሚገናኙ ሰዎች ተበታትነዋል። ቀኑና ቤቱ ከወር በፊት የታወቀ ከሆነ መልእክት አያስፈልግም።

«ቪዲዮህን ለቤተሰብህ እልካለሁ፣ ብር አምጣ» የሚል ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ከፍሎ መገላገል ነው። የከፈለ ሰው በሳምንቱ ድጋሚ ይጠየቃል። አትክፈሉ፣ አትሳደቡ፣ መልእክቱን አታጥፉ፤ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ አባል አስቀምጡ፣ ከዚያ መልስ መስጠት አቁሙ። ወደ ፖሊስ ከመሄድ በፊት ጠበቃ፤ ከሳሽ ሆኖ ገብቶ ተከሳሽ ሆኖ መውጣት አለ።

ጡት እንዳይታይ ደረት ማሰር ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ፋሻና ፕላስተር በፍጹም። ፋሻ በተነፈሳችሁ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል፤ የጎድን አጥንት ይጎዳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዳገቱም ዳገት ነው። በልክ የሆነ አንድ የስፖርት ጡት ማስያዣ፣ ካልበቃ ሁለተኛው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ከላዩ፤ ጠባብ መግዛት ትርፉ ቁስል ነው። ከ8 ሰዓት በላይ አይለበስ፣ አይተኛበት፣ ጭነት ሲሸከሙ ይውለቅ። መውጋት፣ መደንዘዝ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ያኔውኑ ይፈታ። ደሴ ብርዱ ይረዳል፣ ጃኬትና ጋቢ ሁሉን ይሸፍናል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ አስቸጋሪ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ ጥጥ ሸሚዝ፣ የደረት ኪስ ያለው፣ በቲሸርት ላይ ተከፍቶ ቢለበስ ከማሰሪያ በላይ ይሠራል።

ከጂም የሚገኝ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን፣ በሰው እጅ እየዞረ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ትክክለኛው እንኳ ቢሆን ደም ያወፍራል፤ ከፍታም እንዲሁ ያወፍራል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ያሰጋል። የደም ምርመራ በሌለበት አትጀምሩ። የጀመረ ሰው ግን በቁጣ አይባረር፤ መርፌ እንዳይጋራ፣ በየሦስት ወሩ የደም ቆጠራ እንዲሠራ ይታገዝ። ወር አበባ ቆመ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት እንዳልሆነም ይነገረው።

ሰው ቢያዝስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለመናገር መብትን ያስቀምጣል፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። አንቀጽ 21 በዘመድ፣ በጓደኛ፣ በሐኪምና በጠበቃ የመጎብኘት መብት ይሰጣል። ስምና አድራሻ ተናግሮ «ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም» ማለት ይበቃል። ስንቅ የሚወስደው ሰው ቀድሞ ይመረጥ፤ «እህቷ ነኝ» ብትል ጥያቄ የማታስነሳ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ያላት። ወንዳወንድ አባላት ጣቢያው በር ላይ ተሰብስበው አይታዩ። ጠበቃውን ሰው ከመያዙ በፊት ፈልጉት፣ የማንንም ስም ሳትጠሩ «የ629 ጉዳይ ይይዛሉ?» ብላችሁ። ፊቱ ከተቀየረ አመስግናችሁ ውጡ።

ከፖሊስ በላይ የሚመጣው ግን ቤተሰብ ነው። ልጅቱ ባንዴ ስልኳ ይዘጋል፤ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሩቅያ ተወስዳ ይሆናል፣ ወይም ለአጎት ቤት ተልካ ባል እየተፈለገላት ይሆናል። ሦስት ቀን ድምፅ ከጠፋ እቁቡ ይደውላል። ለስላሳ ድምፅ ያላት አንዷ ለእናትየው ደውላ፦ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? የእቁቡ ጸሐፊ ነኝ። ልጅዎ እጣ ደርሷት ነበር፣ ብሩን ራሷ ፈርማ መውሰድ አለባት።» ሦስት ሺህ ብር ሲባል ብዙ ቤት ልጅቱን ወደ ስልክ ያመጣታል። ስትመጣ የሚጠየቀው አዎ ወይም አይ የሚመለስበት ብቻ ነው፦ «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» «አይ» ካለች መውጣት አልቻለችም ማለት ነው፤ ይህ አስቀድሞ የተስማማችሁበት ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥድፊያ አይደለም፤ ለእሷ ኮምቦልቻ አልጋ ማዘጋጀት፣ መታወቂያዋንና የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ቀድሞ ሌላ አባል ዘንድ አስቀምጦ መገኘት ነው። ያለ መታወቂያ የወጣ ሰው ቤት መከራየትም፣ ፋብሪካ መቀጠርም፣ ሲም ማውጣትም ያቅተዋል፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኮፒው ሲገባ የሚወሰድ እንጂ ችግር ሲመጣ የሚፈለግ አይሁን።